ለፕሮቲን ያስጸለየችው ትርሲት

የትርሲትን ሞት በስልክ ያረዳችኝ እናቴ ናት። ሥራ ቦታ ነበርኩ። ስልኩን ሳነሳ መጀመሪያ የሰማሁት ቃል ሳይሆን ልቅሶ ነው፤ ያውም አባቴ የሞተ ጊዜ እንኳ ከእሷ ሰምቼው የማላውቅ፣ ከሆድ ዕቃ ተነቅሎ የሚወጣ ልቅሶ። «ልጄን! ትርሲት ልጄን!» ትላለች። የእናቴ ልጅ እኔ ነኝ። ሌላ የላትም። እኔ በደህና ቆሜ ስልክ ይዤ፣ እናቴ ልጄን ብላ ታለቅሳለች። እውነቱን ለመናገር ከድንጋጤውም ከሐዘኑም ቀድሞ የደረሰብኝ ቅናት ነው።

«ምን ሆና ነው?» አልኳት በመጨረሻ።

«ያ የምታጠኑት በሽታ ነዋ! የነርቩ ልብስ ሲያልቅ!» አለችኝና ስልኩ ተቋረጠ።

እኔና ትርሲት በአንድ የምርምር ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ዓመታት ሠርተናል። የምናጠናው የነርቭን ሽፋን ነው። የእሷ የራሷ ነርቭ ሽፋኑን እያጣ መሆኑን እኔ አላውቅም ነበር፣ እናቴ ግን ታውቅ ነበር። ሰው ሲሞት ቂም አብሮ ይቀበራል ይባላል። እኔ ግን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ የሞተች ጓደኛዬን ተቆጣሁ። ለምን ለእናቴ ነግራ ለእኔ ሳትነግረኝ ቀረች? ሁልጊዜም እንዲህ ናት፣ የእኔ የሆነውን ሁሉ ስታየው የሷ ይሆናል እያልኩ ተቆጣሁ።

የተቀጠርነው በአንድ ወር ነው። እኔ ያደግሁት ሾላ ገበያ ጀርባ፣ እሷ ወሰን። አባቷ ጋሽ ተፈራ ወሰን ውስጥ አንዲት ጠባብ ጋራዥ አላቸው፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራሉ። እናቷ ገና ልጅ ሳለች ነው የሞተችባት። ትርሲት ቀጭን፣ ረዘም ያለች፣ ጸጉሯን አንድ ላይ ጠቅልላ በእስክሪብቶ የምትወጋ ልጅ ነበረች። አንድ ነገር ልትናገር ስትል ጠረጴዛውን በሁለት ጣቷ ታንኳኳና «ቆይ ቆይ፣ ከሥሩ እንጀምር» ትላለች። ያን ጊዜ ስብሰባው ሁሉ ዝም ይላል። እኔ ስናገር ሰዎች ስልካቸውን ያያሉ።

የምቀናባት በመልኳ አይደለም። በመልክ እኔ እሻላለሁ፤ እሷም ራሷ ትመሰክርልኝ ነበር። በዕውቀትም ቢሆን አትበልጠኝም። የምታነበውን አነባለሁ፣ እንዲያውም ከሷ በፊት አነበዋለሁ። ነገር ግን እኔ ያነበብኩት እኔ ዘንድ ይቀራል፣ እሷ ያነበበችው ከሰው ልብ ይገባል። ይህን ምን ይሉታል? እኔ ቅናት አልኩት፣ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

የክፍላችን ኃላፊ ዶክተሩ እንግዳ ሲመጣ ሥራችንን የሚያስረዳው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር። «ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፤ ማይሊን የሚባለው ሽፋን ደግሞ ሽቦው ላይ እንዳለ ፕላስቲክ» ይላል። እንግዶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ ቀን ትርሲት እንግዶቹ ፊት ጠረጴዛውን አንኳኳች።

«ቆይ ቆይ፣ ዶክተር፣ ይቅርታ። እኔ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግሁት፣ ሽቦ አውቃለሁ። ሽቦ ፋብሪካ ውስጥ አንዴ ይለብሳል፣ አለቀ። ፕላስቲኩ አይርበው፣ አይደክመው። ይሄ ግን ሕይወት ያለው ነገር ነው።»

ዶክተሩ ፊቱ ቀላ። እሷ ግን ወደ እንግዶቹ ዞራ ቀጠለች። «እናት ልጇን ስታዝል አይታችሁ የለ? አንዴ አስራ አትረሳውም። ዳገት ላይ ታጠብቀዋለች፣ ሲንሸራተት ወደ ላይ ነቅነቅ አድርጋ ታስተካክለዋለች፣ ሲላላ ፈትታ እንደገና ትቋጥራለች። ነርቩን ያቀፈው ሕዋስም እንደዚያ ነው። ራሱን ድርብርብ አድርጎ ነርቩ ላይ ይጠቀለላል። ድርቡን ከድርብ ጋር የሚይዙት ፕሮቲኖች ናቸው፤ የማዘያው ቋጠሮዎች በሏቸው። ቋጠሮ ያረጃል። ስለዚህ ሕዋሱ ዕድሜውን ሙሉ አሮጌውን እየፈታ አዲስ ይቋጥራል። አንዱ ፕሮቲን ሲያንስ ማዘያው ይላላል፣ ሲበዛም ይበላሻል። እኛ እዚህ የምንጠይቀው ማን ያለብሰዋል የሚለውን ብቻ አይደለም፤ ከለበሰ በኋላ ማን ይጠብቀዋል ነው።»

ከእንግዶቹ አንዷ ማስታወሻ መያዝ ጀመረች። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ያንን ነገር ለዓመታት ሳስበው ኖሬ አንድ ማዘያ አልታየኝም፣ እሷ ቆማ እያወራች አገኘችው። የዚያን ቀን ምሳ አልበላልኝም። ከዚያ ወዲያ ዶክተሩም ሽቦውን ተወና ማዘያውን የራሱ አስመስሎ ማውራት ጀመረ፤ እሷ አንድ ቀን እንኳ የእኔ ነው አላለችም። እኔ ብሆን እላለሁ።

ትርሲት ጴንጤ ናት። ይህን የምለው የሚቀጥለውን ለመረዳት ስለሚያስፈልግ ነው። በዚያ ሰሞን የምንፈልገው ፒ ዜሮ የሚባለውን ፕሮቲን ነበር፤ የእጅና የእግር ነርቮች ላይ ድርቡን ከድርብ አጣብቆ የሚይዘው ዋናው እሱ ነው። ፕሮቲኑ መኖሩን የምናውቀው ወረቀት በሚመስል ስስ ነገር ላይ አንድ ጥቁር መስመር ሲወጣ ነው። መስመሩ አልመጣ አለ። ሳምንታት ደከምን፣ ወረቀቱ ባዶ ነው። እኔ ማልቀስ ሲቃጣኝ ትርሲት «ዛሬ ማታ የቤት ኅብረት አለን፣ ነይ» አለችኝ።

«እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ነይና ተቀመጪ፣ ማንም አይነካሽም።»

ወሰን፣ ጋሽ ተፈራ ቤት ሄድኩ። ሳሎኑ በሰው ሞልቷል። ተዘመረ፣ ቃል ተነበበ፣ ከዚያ መሪው የጸሎት ርዕስ ያለው እንዲናገር ጠየቀ። አንዷ ለልጇ ሥራ፣ አንዱ ለቤት ኪራይ ጸልዩልኝ አሉ። ትርሲት እጇን አነሳች።

«የእኔ የጸሎት ርዕስ አንድ ፕሮቲን ነው» አለች።

አንድም ሰው አልሳቀም። እማማ ዘነበች የሚባሉ፣ ነጭ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ወደፊት ጠጋ አሉ። «ስሙ ማነው ልጄ?»

«ፒ ዜሮ ይባላል እማማ።»

«ሰው ነው?»

«አይ፣ እግራችን ውስጥ ያለ ነው። የነርቫችንን ልብስ አጣብቆ የሚይዝልን። የእርስዎም እግር ውስጥ አለ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ታዲያ ምን ሆነ?»

«አልታይ አለን።»

«ሆ!» አሉና ተነሱ። ሁሉም ተነሳ። እጆች ተዘረጉ፣ ድምፅ ከፍ አለ። እማማ ዘነበች ዓይናቸውን ጨፍነው «ጌታ ሆይ! ይህን ፒ ዜሮ የተባለውን ከተደበቀበት አውጣው! ለልጆቻችን ግለጠው! ከዜሮም አንሳው ጌታ ሆይ!» ሲሉ፣ ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን እስኪደማ ነክሼዋለሁ። ቀና ስል ትርሲት እንባዋ እየወረደ «አሜን» ትላለች። ለምርምር ብቻ እንዲህ ይለቀሳል? ብዬ ገረመኝ። ስለ ፕሮቲን ያን ያህል የምታለቅሰው ለምን እንደሆነ ያኔ መጠየቅ ነበረብሽ ይባል ይሆናል። አልጠየቅሁም። ሳቄ ነበር የያዘኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት መስመሩ ወጣ። የወጣበትን ምክንያት አውቃለሁ፤ አሮጌውን ማጠቢያ ፈሳሽ ደፍቼ አዲስ የበጠበጥኩት እኔ ነኝ። ትርሲት ግን ኅብረቱ ፊት ቆማ ምስክርነት ሰጠች፤ እኔንም ይዛኝ ሄዳ ነበር። «ጌታ በሄለን እጅ ሠራ» አለች። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ ጉንጬን ሳሙኝ። ተአምሩ የእግዚአብሔር ሆነ፣ ምስክርነቱ የትርሲት ሆነ፣ ለእኔ የደረሰኝ እጅ መሆን ነው። ልቆጣት እንኳ አትመችም። ስሜን ደብቃው ቢሆን ኖሮ ተቆጥቼ ባረፍኩ።

በዚያው ዓመት እናቴ ታመመች። እናቴ ሾላ ገበያ ቅመም ትሸጣለች፤ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላ። መጀመሪያ «እግሬን ጉንዳን ወረረኝ» ትል ጀመር። ከዚያ ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ ሲወልቅ ሳይታወቃት ባዶ እግሯን መሄድ ጀመረች። አንድ ቀን ከምትቀመጥበት ዱካ ልትነሳ ስትል አቃታትና ጎረቤት ነጋዴዎች ተሸክመው አመጡልኝ። ሐኪሞቹ የነገሩን፣ የገዛ ሰውነቷ ተሳስቶ የእጅና የእግሯን ነርቮች ሽፋን እንደ ጠላት እያጠቃው መሆኑን ነው። የምርምሬ ርዕስ ተነስቶ ቤቴ መጣ። መድኃኒት ተጀመረ።

ለእናቴ የማስረዳት ተራው የእኔ ነበር፤ ከእኔ በላይ ማን ሊያስረዳት? ሥዕል ሣልኩላት። ሕዋሱን፣ ሽፋኑን፣ ፕሮቲኑን ቀስ ብዬ ተነተንኩላት። እናቴ እንደ ቀበሌ ስብሰባ አዳመጠችኝ፤ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ልቧ ሌላ ቦታ ነው። ስጨርስ «ብቻ አልነሳም በይኝ» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

ትርሲት ልትጠይቃት መጣች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ሳታስፈቅድ የእናቴን እግሮች ጭኗ ላይ አደረገቻቸው።

«እትዬ አበበች፣ ልጁ አልወደቀም» አለቻት።

«የምን ልጅ?»

«ነርቭዎ። አሁንም ጀርባ ላይ አለ። የላላው ማዘያው ነው። የእግር ላይ ሕዋሶች ደግሞ እልኸኞች ናቸው፤ ሐኪሞቹ ጠቡን ካበረዱላቸው እንደገና ያዝላሉ፣ እንደገና ይቋጥራሉ። ወራት ይፈጃል። መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ እንጂ ይነሳሉ።»

እናቴ እግሮቿን አየቻቸው። «የአንጎሎቹስ?» አለች ቆይታ፣ ለምን እንደጠየቀች እንጃ። «እነሱም እንዲህ እልኸኞች ናቸው?»

«እነሱ እንኳ ትንሽ ሰነፎች ናቸው» አለች ትርሲት፣ ሳቀችም። እናቴም ሳቀች። ከታመመች ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት የዚያን ዕለት ነው። ወዲያው «ምሳ በልተሻል?» ብላ ጠየቀቻት። እኔ ስንት ቀን የለፋሁበትን አንዲት ማዘያ አምጥታ ጨረሰችው። ወጥ ላሞቅ ወጥ ቤት ስገባ ድስቱን ከመጠን በላይ አንኳኳሁት።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን የሷ ሆነ። በወር ጊዜ ውስጥ «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» ሆነ፤ «እትዬ አበበች» ቀርቶ «እማዬ» ሆነ። እማዬ! የእኔን ቃል! እናቴም «ወዬ» ትላታለች። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ሁለቱም አንድ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልለው ድራማ ያያሉ። ለእኔ ቦታ ለመልቀቅ የተጠጉት በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ እሱም በትርሲት በኩል።

እናቴ እንጦጦ ማርያም ካልሄድኩ፣ ጠበሉን ካልተጠመቅሁ አለች። እምቢ አልኩ። ብርድ ይመታሻል፣ መድኃኒቱን ታቋርጫለሽ አልኳት። ተጣላን። ቅዳሜ ጠዋት በር ሲንኳኳ ትርሲት ናት፤ የአባቷን አሮጌ መኪና ይዛ መጥታለች።

«መድኃኒቱንም ጠበሉንም እንይዛለን» አለች። «ተጠምቃ ስትወጣ ክኒኗን እውጣታለሁ ብላ ቃል ገብታልኛለች።»

መቼ ተነጋገሩ? በስልክ። እኔ ሳልሰማ። ብቻቸውን ልልካቸው አልሆነልኝም፣ ኋላ ወንበር ላይ ገብቼ ተቀመጥኩ። መኪናዋ ዳገቱን እያቃሰተች ወጣች። ትርሲት ከቅጥሩ ውጭ ባሕር ዛፍ ሥር ቆመች፤ የእናቴ መድኃኒት ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ሁላችንም ወፍራም ልብስ ደርበን እንንቀጠቀጣለን፣ እሷ በስስ ሸሚዝ ደረቷን ከፍታ ያን ብርድ እንደ ምግብ ትምገዋለች። ለመታየት ብላ ነው አልኩ።

እናቴ ተጠምቃ ወጣች። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ነጠላዋ ሰውነቷ ላይ ተጣብቋል። ከበሩ እስከ መኪናው የመጣችው እጄን ለወጉ ያህል ነካ አድርጋ ነው። ስትገባ ደግፈን ነበር ያስገባናት።

«አየሽ? ማርያም አቆመችኝ!» አለችኝ።

እኔ ደግሞ አዋቂዋ «ብርዱ ነው እማዬ» አልኳት። «ሽፋኑ የሳሳ ነርቭ ሲሞቀው ይደክማል። ሲቀዘቅዝ ለጊዜው ይሻለዋል።»

ያልኩት ትክክል ነው። የእናቴ ፊት ግን ወደቀ። ያን ጊዜ ትርሲት ጋቢውን እናቴ ላይ እየጣለች «እውነቷን ነው፣ እኔንም ሲበርደኝ ነው የሚሻለኝ» አለች። «ግን ብርዱንስ እዚህ ያስቀመጠው ማነው?»

እናቴ ፊቷ በራ። «በያት! በያት ልጄ!» አለች። እኔ ተቃጠልኩ። ጴንጤዋ ከእንጦጦ ማርያም በር ላይ እናቴን ወሰደችብኝ፤ ያውም እኔ ትክክል መሆኔን እየመሰከረች። ትርሲት የተናገረችው ሁለት ነገር ነው። እኔ የሰማሁት ሁለተኛውን ነው። እናቴ ግን የመጀመሪያውንም ሰምታለች።

እናቴ ዳነች። በወራት ውስጥ፣ ቀስ እያለች፣ መጀመሪያ በምርኩዝ ከዚያ ያለ ምርኩዝ ሾላ ተመለሰች። ሱቋን በከፈተች ዕለት ለትርሲት ምርጥ ምርጡን ኮረሪማ በፌስታል ቋጥራ ሰጠቻት። ለእኔ «አንቺማ ቤት ውስጥ አለልሽ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ትርሲት መለወጥ ጀመረች። ፀሐይ ሲበረታ፣ ከሰዓት በኋላ ላይ፣ እጇ ይሰንፋል፤ ዕቃ ይወድቅባታል። ምሳ የሚከብዳት መሰለኝ። ናሙና የምናስቀምጥበት ቀዝቃዛ ክፍል ገብታ ትቆይ ነበር፤ ስልክ የምታወራ መሰለኝ። ከዚያ ረጅም ፈቃድ ወሰደች። ዶክተሩን ስጠይቀው «የግል ጉዳይ ነው» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

አዲስ አበባ ውስጥ የግል ጉዳይ ተብሎ ከሥራ የሚጠፋ ሰው የት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ውጭ። ሰው ቪዛው ሳይመታ አይናገርም፤ ቢመታም አይናገርም። ጓደኛው መሄዱን የሚያውቀው ከአውሮፕላን ማረፊያ ፎቶ ሲለቀቅ ነው። እኔና ትርሲት ደግሞ ለአንድ የውጭ ትምህርት ዕድል አብረን አመልክተን ነበር። ለእኔ መልስ አልመጣም። ስለዚህ ለማን እንደመጣ ማወቅ አይከብድም። በየጠዋቱ የቴሌግራም ፎቶዋን እከፍታለሁ፤ በረዶ ገብቶበት እንደሆነ ለማየት። ያው የድሮው ፎቶ ነው። ምን ያህል ብትፈራኝ ነው እንዲህ የምትደብቀኝ አልኩ።

እናቴም ከሷ ጋር አሤረች። በየቅዳሜው «ሾላ ነኝ» ብላ ትወጣለች። ስትመለስ እጇ ቀዝቅዞ፣ ልብሷ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ እየሸተተ ነው። ቤት ውስጥ በሶ ትወቅጣለች፣ የአጥሚት እህል ታምሳለች። «ለማን ነው?» ስላት «ለሰው» ትለኛለች። ገባኝ፤ የመንገድ ስንቅ ነው። እናቴ ለትርሲት ሻንጣ እያሰናዳች ነው። ለእኔ የመጀመሪያ ዲግሪ ምርቃት ልብስ የገዛሁት ራሴ ነኝ።

አንድ ቀን ትርሲት ደወለች።

«ሄለንዬ፣ ፒ ዜሮ ደህና ነው?» አለችኝ። ቃላቱን ትጎትታቸዋለች፣ ምላሷ የከበደ ይመስላል። ገና ከአገር ሳትወጣ አነጋገሯ ተቀየረ አልኩ በሆዴ።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት።

«በምን?»

«ተይ አትደብቂኝ። ሁሉን ሰምቻለሁ።»

ሳቀች። ረጅም ሳቅ ነው፤ መሃሉ ላይ አስሏት ቆመ፣ እንደገና ሳቀች። «ቀናሽ?» አለችኝ።

«በጣም» አልኳት፣ ቀልድ አስመስዬ።

«ጎሽ! ጎሽ የኔ ቆንጆ። እንዳታቆሚ።»

ስልኩን ዘጋሁና ቀኑን ሙሉ ተነጫነጭኩ። ትዕቢት አልኩት። ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገርኳት ያኔ ነው።

ለካስ የነበረችው እንጦጦ ላይ አክስቷ ቤት ነው። ሙቀቱን ሸሽታ፣ ብርዱ ስለሚሻላት። በሽታው ያረፈባት በአንጎሏና በሕብለ ሰረሰሯ ነርቮች ላይ ነው፣ ሰነፎች ባለቻቸው ላይ። ዓይኗን አደከመ፣ እግሯን አሰረ፣ ኋላ መዋጥ ሲያስቸግራት ሳንባዋ ታመመ፣ በዚያው ሄደች። እናቴ በየቅዳሜው እየወጣች አጥሚት በማንኪያ ታጠጣት ነበር። ይህን ሁሉ የሰማሁት ወሰን፣ ልቅሶው ድንኳን ውስጥ ነው፤ ያውም ከሰው ወሬ።

ድንኳኑ ውስጥ እናቴ ከጋሽ ተፈራ ጎን ተቀምጣለች። ዘማሪዎቹ ስለ ሰማይ ቤት ይዘምራሉ፣ እናቴ በመዝሙሩ መሃል ደረቷን እየመታች በሾላ ወግ ታለቅሳለች። «ነፍሷን ይማር!» ስትል ኅብረቱ በትሕትና ዝም ይላታል። የሚገባው ሰው ሁሉ እየሄደ እሷን አቅፎ «እግዚአብሔር ያጽናሽ እናቷ» ይላል። እሷም አይደለሁም አትልም። እማማ ዘነበች እንኳ አንገቷን አቅፈው አለቀሱ። እኔ የፕላስቲክ ውኃ እያደልኩ ነበር። አንድ ሰው «አንቺስ ምኗ ነሽ?» አለኝ። «የሥራ ባልደረባዋ» አልኩ። ውኃውን ተቀበለኝ።

ጋሽ ተፈራ ከሳምንት በኋላ ቱታቸውን ለብሰው ጋራዣቸውን ከፈቱ። እናቴ ግን ጥቁሩን አላወለቀችም። ገበያ በጥቁር፣ ቤተ ክርስቲያን በጥቁር፣ ቤት ውስጥ በጥቁር። አንድ እሑድ በረንዳው ላይ ጥቁር አዝሙድ ስትለቅም ፊቷ ቆምኩ። ከዚያ በላይ መቻል አልሆነልኝም።

«ለምን ለእኔ ሳትነግረኝ ቀረች?» አልኳት።

«ነግራሻለች። እንጦጦ ላይ ፊትሽ ነው የተናገረችው።»

«እሱ መናገር ነው? ከዚያ በኋላስ?»

እናቴ ከሰፌዱ ቀና አላለችም። «ከዚያ በኋላማ ንገሪያት ብዬ ለምኛታለሁ። እምቢ አለች።»

«ለምን?»

«ሁሉም አዘነልኝ አለችኝ። አባቴ ያዝንልኛል፣ ኅብረቱ ያዝንልኛል፣ ዶክተሩ ሲያየኝ ዓይኑን ይሰብራል። የምትቀናብኝ ሄለን ብቻ ቀርታለች፣ እሷን እንዳትወስጂብኝ አለችኝ። ምን ልበላት?»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ልቡ ይራራ ይሆናል። የእኔ ልብ ግን ያቺን ጥቁር ቀሚስ እያየ ነበር።

«እኔ ብሞትስ?» አልኳት። «ለእኔም እንዲህ ትለብሺልኝ ነበር?»

ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ። አዝሙዱ በረንዳው ላይ ተበተነ። በዚያ ታሞ በዳነ እግሯ ብድግ ብላ ክንዴን ያዘችኝ፤ አያያዟ ያማል።

«ዝም በይ! አፍሽን ያዢ! አንቺ ነሽ እኔን የምትቀብሪኝ። ሰማሽ? አንቺ ነሽ የምትቀብሪኝ!»

«እሺ» አልኩ። «እሺ እማዬ።»

ክንዴን ሳትለቅ ቀስ ብላ ዱካው ላይ ተቀመጠች፣ እኔም አብሬ ዝቅ አልኩ። በሌላ እጇ የተበተነውን አዝሙድ ትሰበስብ ጀመር።

«ለሷም ብያት ነበር» አለችኝ። «ቅበሪኝ ብያት ነበር። ልክ እንዳንቺ፣ እሺ እማዬ ብላኝ ነበር።»

ያ ቃል የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቀናሁባት። እየቀናሁባትም አለቀስኩላት።